«ያው ነው» ለሚሉን ወገኖች

ለተማሪ ጓደኞቻችንና ለመምህራኖቻችን፦

በተማሪዎች ኅብረት ምርጫ ተሸንፈናል። ድምፁ ሲቈጠር ቆመን አይተናል፤ ቈጠራውም ትክክል ነበረ። ይህን አስቀድመን የምንናገረው፥ ከምርጫው ወዲህ በየመኝታ ቤቱና በየሻይ ቤቱ አንድ በሽታ ስለ ገባ ነው። የበሽታው ስም «ያው ነው» ይባላል። «ማንም ቢመረጥ ያው ነው፤ እናንተም ብታሸንፉ ያው ትሆኑ ነበር» ይሉናል። የሚያሳዝነው፥ ይህን የሚሉት ያሸነፉን ሰዎች አይደሉም፤ ትናንት ከኛ ጋር ወረቀት ሲለጥፉ ያመሹት ናቸው እንጂ።

እኛም እንጠይቃለን፦ «ያው ነው» ማለት ማንን ይጠቅማል? ሒሳብ መጠየቅ የማይወድ ሹምን ይጠቅማል። ሌላ ማንንም አይጠቅምም።

እርግጥ ነው፥ ተስፋ የቈረጠ ሰው ምክንያት አያጣም። በ1997 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ምክር ቤት ከ138 መቀመጫ 137ቱን ቅንጅት አሸንፎ ነበር፤ ከተማዪቱን ግን አንድ ቀን እንኳ አላስተዳደረም። በ2002 ዓ.ም. ከ547 የፓርላማ መቀመጫዎች ከኢሕአዴግና ከአጋሮቹ እጅ ያመለጡት ሁለት ብቻ ነበሩ። ይህን አንክድም። ነገር ግን ከሁለቱ አንዱ ከወዴት መጣ? ከዚሁ ከጎረቤታችን ከካፋ፥ ከቦንጋ በግል የተወዳደረ ሰው ነበረ። አገር ሁሉ ወዳንድ ወገን ሲያዘነብል የቡና አገር መራጭ «ያው ነው» ብሎ እቤቱ አልተቀመጠም።

የተማሪውንም ታሪክ እንመልከት። ጥላሁን ግዛው በ1961 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ለተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንትነት ተወዳድሮ በመኰንን ቢሻው ተሸነፈ። በዓመቱ ተመልሶ ተወዳደረና አሸነፈ። ብዙ ሳይቈይ፥ ታኅሣሥ 19 ቀን 1962 ዓ.ም. በጥይት ተገደለ። ማንም ቢመረጥ ያው ቢሆን ኖሮ ስለ ምን ይገድሉት ነበር? ምርጫ ዋጋ እንዳለው ከኛ ይልቅ ገዳዮቹ ያውቁ ኖሯል!

ቴፒም የራሷ ትምህርት አላት። በ1994 ዓ.ም. የአስተዳደር ጥያቄ በዚህችው ከተማ ወደ ደም ተለውጦ የብዙ ሰው ሕይወት ጠፋ። መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. ደግሞ የደቡብ ምዕራብ ሕዝብ ተሰልፎ በክልል መደራጀቱን በድምፁ ወሰነ። ሁለቱ ጥያቄዎች አንድ ናቸው አንልም። ነገር ግን የድምፅ ወረቀት ዋጋ ባጣበት ቦታ ምን እንደሚተካ ይህች ከተማ አይታለች። በወረቀት ላይ የሚያላግጥ ሰው ይህን አስቦ ያላግጥ።

የራሳችንንም ጥፋት አንደብቅም። የቀሰቀስነው በየራሳችን ሕንጻ ነበር። አዲስ የገቡትን ተማሪዎች «ገና ናቸው» ብለን አለፍናቸው። ቋንቋችንን የማይናገሩትን አላነጋገርንም። በምርጫው ዕለት ከደጋፊዎቻችን ስንቶቹ ተኝተው እንዳረፈዱ እናውቃለን። እንግዲህ ያሸነፈን ዕድል አይደለም፤ ስንፍናችን ነው። ስንፍና ደግሞ መድኃኒት አለው።

ያረጀ ቡና ሲጐነደል ያየ እንግዳ ገበሬው እርሻውን ያጠፋ ይመስለዋል። ገበሬው ግን ከጕቶው ከሚወጣው ቀንበጥ ደኅናውን መርጦ ሁለት ሦስት ዓመት ይጠብቃል። ሲጠብቅም አይተኛም፤ ያርማል፥ ይኰተኵታል። ተስፋ የምንለው ይህንን እንጂ እጅን አጣጥፎ ሰማይ ማየትን አይደለም።

ስለዚህ ለተመረጡት እንኳን ደስ ያላችሁ እንላለን። ሥራቸው ሲያምር እናግዛለን። በየወሩ መጨረሻ ግን ደብተራችንን ይዘን እንመጣለን። የኅብረቱ ገንዘብ የት ገባ? የመኝታ ቤቱ ውሃ ለምን ተቋረጠ? ቤተ መጻሕፍቱ ማታ ስለ ምን ቶሎ ይዘጋል? መልሱን እንጽፋለን፤ የጻፍነውንም በዚሁ ጋዜጣ እናወጣለን።

የሚመጣውን ዓመት ምርጫ ዛሬ ጀምረናል። «ያው ነው» ባዮችም ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ናቸውና በራችንን አልዘጋንባቸውም። ሙጫና ወረቀት ይዘው ይምጡ።