ዓሣ ጥብስ ከልጆች ጋር

ርብና ጉማራ የፎገራን ሜዳ አቋርጠው ጣና ይገባሉ። ክረምት ሲሆን ነጭ ዓሣ ከጣና ተነስቶ ዕንቁላሉን ለመጣል እነዚህን ወንዞች ሽቅብ ይወጣል። ዓሣ ደጃችን ድረስ ይመጣል ማለት ነው። ታዲያ ብዙ እናቶች ዓሣ ሲጠበስ ልጆችን ከጓዳ ያባርራሉ። «ዘይቱ ያቃጥላችኋል፤ ሂዱ ውጡ!» ይላሉ። ፍርሃታቸው እውነት አለው። ነገር ግን የተባረረ ልጅ ምን ይማራል? ሥራውን ከፍለን እንስጠው።

መጀመሪያ ዓሣውን እንምረጥ። ነጭ ዓሣ ይጥማል። ሆኖም በሥጋው ውስጥ ጥቃቅን እሾህ ይበዛበታል። ለሕፃን አይመችም። ቆሮሶ ግን እሾሁ ትልልቅ ስለሆነ በጣት ይለያል። ስለዚህ ልጅ ያለበት ቤት ቆሮሶ ይግዛ። ዓይኑ የጠራ፣ ሥጋው ሲጫኑት የሚመለስ ይሁን። ልጁም በጣቱ ጫን አድርጎ ይየው። ሌላ ቀን ገበያ ሲልኩት አይታለልም።

ቅርፊቱን መፋቅና ሆዱን መክፈት የትልቅ ሰው ሥራ ነው። የቆሮሶ የጀርባ ክንፍ እንደ መርፌ ይወጋል። ከታጠበ በኋላ ጎንና ጎኑን በቢላዋ ጫር ጫር አድርጉት። ከዚያ ልጆቹን ጥሩ። ሎሚ ይጭመቁ። ጨው ይነስንሱ። ዓሣውን በዱቄት ላይ ያገላብጡ። ዱቄቱ ፊታቸውን ቢያለብሰው አትቆጡ። ሚጥሚጣውን ግን እናንተ ጨምሩ፤ ልጅ ዓይኑን ያሻል። ሲጨርሱ እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ።

አሁን ዘይቱ ይጣዳል። ልጆች ከምድጃው ሦስት እርምጃ ይራቁ። መጥበሻው በጉልቻው ላይ የማይነቃነቅ ይሁን። ውሃ የያዘ ዓሣ ዘይት ውስጥ ሲገባ ይንጣጣል፤ ስለዚህ ውሃው አስቀድሞ ይጠረግ። አንዱ ወገን ሲቀላ ይገልበጥ። ሥጋው እስከ አጥንቱ ነጭ ሆኖ ካልተላቀቀ አልበሰለም። ጥሬ ዓሣ የትል ዘር ሊኖርበት ይችላል፤ ለልጅ አይሰጥም።

ዘይቱ እሳት ቢይዝ ውሃ አትድፉበት! ውሃ እሳቱን ይበትነዋል። በክዳን ክደኑት። ልጅ ቢቃጠል ወዲያው ቀዝቃዛ ንጹሕ ውሃ ለ20 ደቂቃ አፍስሱበት። ቅቤ፣ ሊጥ፣ ጭቃ አትቀቡት። ቁስሉ ሰፊ ከሆነ ወይም ፊቱን ከነካው ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

በጾም ዓሣ የሚበላ ቤት አለ፤ የማይበላም አለ። ያ የየቤቱ ነገር ነው። የተበላ ዕለት ግን ልጁ አይቸኩል። ሥጋውን በጣቱ ዳሶ፣ እሾሁን ከእንጀራው ዳር ያስቀምጥ። እሾህ ጉሮሮው ላይ ቢሰካ ብዙዎቻችን ትልቅ ጉርሻ እናስውጠዋለን። ይህ እሾሁን የባሰ ይተክለዋል። ካልወጣለት ጤና ጣቢያ ይሂድ። ለትንንሾቹ ደግሞ ታላቅየው ወይም ታላቂቱ እሾሁን ትልቀምላቸው። ታላላቆች ይህን ሥራ ሲሰጧቸው ደስ ይላቸዋል።