ናፍጣ መኪና ጠዋት ለምን ይደክማል?

የጥር ወር ማለዳ ነው። ከሚኒያፖሊስ ጎዳናዎች በአንዱ ላይ ሌሊቱን በረዶ ሲወርድበት ያደረ አሮጌ መርሰዲስ 300 ዲ ቆሟል። ባለቤቱ ቁልፉን አዙሮ፣ የማሞቂያው መብራት እስኪጠፋ ጠብቆ ያስነሳዋል። ሞተሩ ይንገጫገጫል፣ ያንኳኳል፣ ከማርሚታው ዓይን የሚቆጠቁጥ ነጭ ጭስ ይለቃል፤ እንደ ምንም ብሎ ይነሳል። ከመንገዱ ጫፍ ያለችውን ትንሽ ዳገት ለመውጣት ግን ነዳጅ መስጫው እስከ ወለሉ ቢረገጥም ሸክም እንደ በዛበት አህያ ይለግማል። ከኋላ የመጣው ሁሉ ጥሩንባ ይነፋበታል። ከሩብ ሰዓት በኋላ ያው መኪና ሌላ መኪና ሆኖ፣ አውራ ጎዳናው ላይ ከሌሎቹ እኩል ይነጉዳል።

ሰውየው ይህንን ለወዳጆቹ ሲያወራ የሚያገኘው መልስ አንድ ነው፤ «ሞተሩ አልቋል፣ ሳይፈርስብህ ሽጠው።» ጋራዥ ሲወስደውም ሞተሩ ይውረድ ይሉታል። ሞተር ለማውረድ የሚጠየቀው ገንዘብ ደግሞ ለእንዲህ ዓይነቱ አሮጌ መኪና ከራሱ ከመኪናው ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ እጅን ወደ ኪስ ከመስደድ በፊት አንድ ነገር ማወቅ ይበጃል። ጠዋት ብቻ ደክሞ ሲሞቅ የሚበረታ ናፍጣ ሞተር፣ አብዛኛውን ጊዜ ያለቀ ሳይሆን ሙቀት ያጣ ሞተር ነው።

ጀርመናዊው መሐንዲስ ሩዶልፍ ዲዝል እ.ኤ.አ. በ1897 አውግስቡርግ ከተማ ውስጥ አሠርቶ ያሳየው ሞተር፣ እንደ ቤንዚን ሞተር በካንዴላ ብልጭታ የሚቀጣጠል አይደለም። የሚያቀጣጥለው የታመቀ አየር ሙቀት ነው። የብስክሌት ጎማ በእጅ ፓምፕ የነፋ ሰው ፓምፑ ጫፉ ላይ እንደሚግል ያውቃል። በ300 ዲ ሞተር ውስጥ ፒስቶኑ አየሩን ወደ ሃያ አንድ እጥፍ ገደማ ያምቀዋል፤ ሞተሩ ሞቆ ሲሠራ የዚህ አየር ሙቀት ከ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል። በዚያ ላይ ናፍጣ ሲረጭ ወዲያው ይቀጣጠላል።

ሌሊቱን በረዶ ላይ ያደረ ብረት ግን ሙቀት ሰራቂ ነው። የታመቀው አየር ገና ከመጋሉ የሲሊንደሩ ግድግዳና የፒስቶኑ አናት ሙቀቱን ይወስዱበታል። በነዚህ አሮጌ ሞተሮች ላይ ደግሞ ናፍጣው የሚረጨው በቀጥታ ፒስቶኑ ላይ ሳይሆን ከላዩ ባለች ትንሽ ክፍል ውስጥ ነው፤ ይህች ክፍል ድምፁን ብታለዝብም በዙሪያዋ ያለው ቀዝቃዛ ብረት ብዙ ስለሆነ ሙቀቱ ይበልጥ ይባክናል። ስለዚህ ናፍጣው ይዘገያል። ከፊሉ ግድግዳው ላይ ይለጠፍና ሳይቃጠል ነጭ ጭስ ሆኖ ይወጣል፤ ቀሪው ሲቀጣጠል ፒስቶኑ ቁልቁል መሄድ ጀምሯል። ሮጦ ያመለጠን ሰው ከኋላ ለመግፋት እንደ መሞከር ነው። ነዳጁ ይነዳል እንጂ ጉልበቱ ለጎማው አይደርስም። ያ የሚሰማው ማንኳኳትም ዘግይቶ የተጠራቀመ ናፍጣ ባንድ ጊዜ ሲፈነዳ የሚያሰማው ድምፅ ነው።

በዚህ ላይ ዘይቱ በብርድ እንደ ማር ይወፍራል፤ ሞተሩ ከሚያገኛት ጥቂት ጉልበት ከፊሏን ይህንኑ ዘይት ለማንቀሳቀስ ያወጣታል። ተርቦ ያለውም የሚሽከረከረው በጭሱ ግለትና ግፊት በመሆኑ፣ ጭሱ ቀዝቃዛ ሲሆን ተርቦውም ይተኛል። ከመጀመሪያው ብዙ የሌለው ይብስበታል፤ አሜሪካን ሀገር የተሸጠው 240 ዲ ሞቆም ቢሆን ጉልበቱ 70 ፈረስ አይሞላም።

አዲስ አበባ ላይ ናፍጣ የነዳ ሰው ለዚህ እንግዳ አይደለም። ከተማዋ ከባሕር ወለል ከ2300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች በመሆኗ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው ሦስት ሩብ ያህል ነው። ሳስቶ የገባ አየር ሲታመቅም ሳስቶ ይቀራል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ አሮጌ ፊያት ኤንትሬ ጭሱን እያንቦለቦለ ሲያቃስት መስማት ብርቅ አልነበረም። መኪናን ቁልቁለት ላይ አቁሞ ማደር፣ ጠዋት በግፊ ማስነሳትም የዚያው ልማድ ነው። ይህ ብልሃት አሜሪካ ውስጥ ባለው 300 ዲ ላይ አይሠራም፤ አብዛኛው ማርሹ ኦቶማቲክ ነው። ገፊዎቹ በከንቱ ይደክማሉ።

እንግዲህ ድካሙ ከልክ ያለፈ እንደሆነ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው የማሞቂያ ካንዴላ ነው። ይህ ካንዴላ ብልጭታ አይሰጥም፤ እንደ ምጣድ ግሎ ትንሿን ክፍል ያሞቃል። በ1970ዎቹ በተሠሩት ላይ ካንዴላዎቹ በአንድ ሽቦ የተያያዙ ስለነበሩ አንዱ ሲቃጠል ሁሉም ይጠፉና መኪናው በብርድ ፈጽሞ አይነሳም። በኋላ የመጡት ግን እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ናቸው። አታላይ የሆነውም ይኸው ነው። ከአምስቱ ሁለቱ ቢሞቱ መኪናው በሦስቱ እየተንገጫገጨ ይነሳል፣ ሁለቱ ሲሊንደሮች እስኪሞቁ ድረስ ባለቤቱን ያስጨንቃል፣ ከዚያ ምንም እንዳልነበረ ይሆናል። ዛሬ የሚሠሩት ናፍጣ ሞተሮች ከተነሱም በኋላ ካንዴላውን ለጥቂት ጊዜ አግለው ያቆያሉ፤ አሮጌው ግን ከተነሳ በኋላ ለራሱ ነው። ለመፈተሽ ሽቦዎቹን ነቅሎ እያንዳንዱን በኦም መለኪያ ማየት ይበቃል። ደህናው አንድ ኦም እንኳ የማይሞላ ያሳያል፤ የተቃጠለው ጭራሽ አያነብም።

ሁለተኛው የቫልቭ ክፍተት ነው። በእነዚህ ሞተሮች ላይ በየ15,000 ማይል በእጅ መስተካከል አለበት። ክፍተቱ ከጠበበ ቫልቩ በደንብ አይዘጋም፤ አየሩ ያመልጣል፤ አየር ካመለጠ ሙቀት የለም። ባለመኪኖች በብዛት የሚዘነጉት ይህንን ነው፤ የሚያሳዝነው ደግሞ ብዙ ወጪ የማይጠይቅ መሆኑ ነው። ቴርሞስታቱ ክፍት ሆኖ ከተነከሰም ሞተሩ ቀኑን ሙሉ ሲነዳ 80 ዲግሪ አይደርስም፣ ካቢኑም አይሞቅም። መኪናው ተነስቶ ትንሽ ከሄደ በኋላ እየደከመ የሚቆም ከሆነ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው፤ ናፍጣ በኃይለኛ ብርድ ሰም ያወጣና ፊልትሮውን ይደፍናል። በበጋ የተሞላ ታንከር ይዞ ጥር ላይ መድረስ ይህንን ያመጣል።

ብዙ ሰው ይሙቅ ብሎ መኪናውን አስነስቶ ቤት ገብቶ ቡናውን ይጠጣል። ናፍጣ ሞተር በሚኒሞ ሲሠራ የሚያቃጥለው ነዳጅ እጅግ ጥቂት፣ የሚያስገባው ቀዝቃዛ አየር ግን ብዙ ስለሆነ ግማሽ ሰዓት ቢያጓራም በቅጡ አይሞቅም። ጀርመን አገር እንዲያውም ያለ ምክንያት አስነስቶ ማቆም በሕግ የተከለከለ ነው። የሚሻለው ዘይቱ እስኪዘዋወር አንድ ደቂቃ ያህል ቆይቶ፣ እስከ ታች ሳይረግጡ በቀስታ መንዳት ነው። ለክረምቱ 5 ደብልዩ 40 የናፍጣ ሞተር ዘይት ማድረግ፣ ሌሊትም የሞተር ማሞቂያውን ኤሌክትሪክ ላይ መሰካት ይረዳል። በዝግ ጋራዥ ውስጥ ማስነሳት ግን ይገድላል። በጣሳ የሚሸጠውን ኤተር አየር ማስገቢያው ላይ መርጨትም አይገባም፤ የጋለው ካንዴላ ያለ ጊዜው ያፈነዳውና ፒስቶንና ሪንግ ይሰብራል። ያን ጊዜ በእርግጥም ሞተር ይወርዳል።

ሞተሩ ማለቁን የሚናገረው ሲሞቅ ነው። ሞቆም የሚደክም፣ ሰማያዊ ጭስ የሚያጨስ፣ የዘይት መሙያ ክዳኑ ተላቆ ሲቀመጥ ከሥር በሚወጣው ትንፋሽ የሚዘል ከሆነ ያሳስባል። የመጨረሻው ፍርድ የኮምፕሬሽን መለኪያ ነው። ሞተሩ ሞቆ ሲለካ ለዚህ ሞተር ከ22 እስከ 24 ባር ጤነኛ ነው፤ ከ15 በታች ከሆነ አልቋል። ቀዝቃዛውን ለክቶ ይውረድ የሚል መካኒክ ሲገጥም ሌላ መካኒክ መጠየቅ ነው።

የሚኒያፖሊሱ መኪና ሞቆ ሲለካ አምስቱም ሲሊንደሮች ከ20 ባር በላይ ሰጡ። የሞቱት ሁለት ካንዴላዎች ነበሩ፤ ቫልቮቹም ከተስተካከሉ ዓመታት አልፈዋል። ባለቤቱ አዲሶቹን ካስገባ በኋላ የከሰሉትን ሁለቱን በጨርቅ ጠቅልሎ ኪሱ ውስጥ ከተተና፣ ሽጠው ወዳሉት ወዳጆቹ ምግብ ቤት ነዳ።