የፊልሞና መልእክት በነቀምት ቤቶች

የጥምቀት በዓል ጥር 10 ቀን በከተራ ተጀምሮ ጥር 12 ቀን በቃና ዘገሊላ እስኪፈጸም ድረስ፣ በመላ አገራችን እንደሚደረገው ሁሉ በነቀምት፣ በጊምቢ፣ በነጆ፣ በሻምቡና በደምቢ ዶሎም ምእመናን ታቦታቱን አጅበው ወደ ጥምቀተ ባሕሩ ይወርዳሉ። ስለ በዓሉ ድምቀት ብዙ ተጽፏል። በ2012 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት መዝገብ ከሰፈረ ወዲህም ውበቱን ለውጭ ሰዎች ስንናገር ከርመናል። እኛ በዚህ ገጽ ልናነሣው የወደድነው ግን ታቦታቱ ወደ መንበራቸው ከተመለሱ በኋላ በየቤታችን ስለሚሆነው ነገር ነው። ይኸውም ቅዱስ መጽሐፍን በየዕለቱ ስለ ማንበብና በተነበበውም ስለ መታዘዝ ነው።

ጥምቀት ሲነሣ አብሮ የሚነሣ አንድ አንባቢ አለን። የንግሥት ህንደኬ ባለሟልና የገንዘቧ ሁሉ አዛዥ የነበረው ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ፣ በኢየሩሳሌም ሰግዶ ሲመለስ በሠረገላው ተቀምጦ የነቢዩን የኢሳይያስን መጽሐፍ ያነብ እንደ ነበር በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ተጽፏል። ፊልጶስ ቀርቦ ንባቡን በጆሮው ሰማ። እንግዲያስ ጃንደረባው ድምፁን አሰምቶ ያነብ ነበር ማለት ነው። ያን ያህል ባለ ሥልጣን ሆኖ ሳለ፣ የሚመራው ሰው ከሌለ ምሥጢሩ እንደማይገባው ለመናገር አላፈረም። ትርጓሜውን በሰማ ጊዜም ውኃ አይቶ ከመጠመቅ የሚከለክለው ነገር እንዳለ የጠየቀው ራሱ ነው፤ ሠረገላው እንዲቆም ያዘዘውም ራሱ ነው። አገሬ ልግባና ከዘመድ ልምከርበት አላለም። ንባቡ በተጀመረበት መንገድ ላይ መታዘዙ ተፈጸመ። (ፊልጶስ ከሰባቱ ዲያቆናት አንዱ መሆኑን እኛ ዲያቆናት ደስ እያለን እንጠቅሳለን፤ ወደ ሠረገላው የሮጠው እርሱ መሆኑን ግን እምብዛም አናነሣም።)

በወለጋ ከተሞች አንድ አነጋገር አዘውትሮ ይሰማል። መጽሐፍ ቅዱስ በእጅ ይዞ መዞር የሌሎች ልማድ ነው፣ የእኛ ጾሙና ቅዳሴው ነው የሚል ነው። ይህ አነጋገር የገዛ ቤታችንን አለማወቅ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ለዓመቱ ቀናት ሁሉ ንባብን የሚመድብ ግጻዌ የተባለ መጽሐፍ አላት። በየቅዳሴው ዲያቆኑ ከቅዱስ ጳውሎስ መልእክታት፣ ንፍቅ ዲያቆኑ ከሌሎች ሐዋርያት መልእክታት፣ ንፍቅ ቄሱ ከሐዋርያት ሥራ ካነበቡ በኋላ ከመዝሙረ ዳዊት ምስባክ ተሰብኮ ወንጌል ይነበባል። ውዳሴ ማርያም ለሰባቱ ቀናት ተከፍሏል። 150ው መዝሙር በ15 ንጉሥ ተመድቦ በሳምንት ይደገማል። በቄስ ትምህርት ቤት የተማሩ አባቶችና እናቶችም እንደሚያስታውሱት፣ ሕፃን ፊደል ከለየ በኋላ ለንባብ የሚሰጠው መልእክተ ዮሐንስ ነበር። ይህ መልእክት ወንድሙን እየጠላ እግዚአብሔርን እወድዳለሁ የሚለውን ሰው ሐሰተኛ ብሎ የሚጠራ ነው። እንግዲህ ይህ አገር ንባብ ሲጀምር የጀመረው ከዚህ ነው ማለት ነው።

ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅም በዘመኑ ምእመናን ንባቡን ለመነኮሳት ትተው እኛ ሚስትና ልጆች ያለን፣ በገበያ የምንውል ነን እያሉ ሲያመካኙ ሰምቶ አልተቀበላቸውም። መድኃኒቱ ይበልጥ የሚያስፈልገው በዓለም መካከል ቆሞ በየቀኑ ለሚቆስለው ነው በማለት አስተምሯል፤ በቤተ ክርስቲያን የሚነበበውንም አስቀድመው በቤታቸው እንዲያነብቡ ያሳስባቸው ነበር።

ይሁን እንጂ ችግራችን አለማንበብ ብቻ ቢሆን ቀላል በሆነ ነበር። በብዙ ቤቶች መጽሐፉ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከራስጌ ይቀመጣል፤ ይሳሙታል፣ ለታመመ ሰው ያስነኩታል፣ አይገልጡትም። ይህ አክብሮት ነውና አንነቅፈውም። ይበልጥ የሚያሳስበን በየጠዋቱ ተገልጦ ከተነበበ በኋላም በቤቱ ውስጥ አንዳች ነገር የማይነካው ንባብ ነው። ሐዋርያው ያዕቆብ ፊቱን በመስታወት አይቶ ወዲያው መልኩን በሚረሳ ሰው የመሰለው ይህን ነው። ስለዚህ ጉዳይ ለማሰብ ከነቀምት ይልቅ የተሻለ ቦታ አይገኝም፤ ምክንያቱም ከዚህች ከተማ ጋር ስሙ የተያያዘ ሰው ስሙን የወሰደው በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ከምናገኛቸው እጅግ አጫጭር መልእክታት ከአንዱ ነው።

ይህ ሰው አናሲሞስ ነሲብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1856 ገደማ በኢሉባቦር፣ በሁሩሙ አካባቢ ሲወለድ የወጣለት ስም ሂካ ነበር፤ ስሙ በኦሮምኛ መፍታትንና መተርጎምን ከሚያመለክተው ቃል ጋር ይዛመዳል። በልጅነቱ በባሪያ ፈንጋዮች ተነጥቆ ከእጅ ወደ እጅ ሲሸጥ ምጽዋ ደረሰ። እዚያም እ.ኤ.አ. በ1870 ቨርነር ሙንሲንገር የተባለው የስዊዘርላንድ ተወላጅ ነጻ አወጣውና ለስዊድን ሚስዮን ትምህርት ቤት ሰጠው። እ.ኤ.አ. በ1872 ሲጠመቅ አናሲሞስ ተባለ። በኋላም፣ እንደ እርሱ በባርነት ተሸጣ ከነበረችው ከአስቴር ጋኖ ጋር ደክሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1893 አዲስ ኪዳንን፣ በ1899 ደግሞ ሙሉውን መጽሐፍ ቅዱስ በኦሮምኛ ቋንቋ፣ በግእዝ ፊደል አሳተመ። እ.ኤ.አ. በ1904 ወደ ወለጋ መጥቶ፣ የነቀምት ገዥ የነበሩት ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር፣ ማለትም ኩምሳ ሞሮዳ፣ ተቀበሉት። በነቀምት ሲያስተምር ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1931 በዚያው ዐረፈ።

አናሲሞስ የቤተ ክርስቲያናችን ልጅ አልነበረም፤ በትምህርተ ሃይማኖትም ከእርሱ ጋር የምንለያይበት አለ። በነቀምት የነበሩ ካህናት ከሰውት እ.ኤ.አ. በ1906 አቡነ ማቴዎስ ፊት ቀርቧል፤ እንዲጋዝ ተፈርዶበትም ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ፍርዱን ለውጠው እንዳይሰብክ ከልክለው ወደ ነቀምት እንዲመለስ ፈቅደዋል። በዚያ ክርክር ውስጥ አሁን አንገባም። አንድ ነገር ግን ልብ ሊባል ይገባዋል። ሕዝቡ ወደ አናሲሞስ ጆሮውን ያዘነበለው ቃሉን በእናቱ ቋንቋ ስለሰማ ነው። በዚህ ረገድ የቤተ ክርስቲያናችን ሥራ ዘግይቷል። በጥር 2015 ዓ.ም. በቤተ ክርስቲያናችን ላይ የደረሰው ፈተና ሲነሣም፣ የቀኖናው ጥሰት እንዳለ ሆኖ፣ ምእመናን በቋንቋቸው የመማርና የመቀደስ ጥያቄ አብሮ መነሣቱን ማንም አይዘነጋውም። ጃንደረባው የሚመራኝ ከሌለ እንዴት ይገባኛል ሲል ሩጦ የሚደርስለት ያስፈልገው ነበር። በጊምቢና በነጆ ያሉ አያቶችም የሚያስፈልጋቸው ይኸው ነው።

ወደ ስሙ እንመለስ። አናሲሞስ በጽርእ ቋንቋ የሚጠቅም ማለት ነው። የመጀመሪያው አናሲሞስ ከጌታው ከፊልሞና ቤት የጠፋ ባሪያ ነበር። በእስር ላይ የነበረው ቅዱስ ጳውሎስ በክርስቶስ ወለደውና ደብዳቤ አስይዞ ወደ ጌታው መለሰው። መልእክቱ 25 ቁጥር ብቻ ነው። ሐዋርያው ለማዘዝ ድፍረት እያለው በፍቅር መለመንን መረጠ፤ አናሲሞስን እንደ ባሪያ ሳይሆን እንደ ተወደደ ወንድም እንዲቀበለው ፊልሞናን ጠየቀው፤ ዕዳ ቢኖርበትም በራሱ ላይ እንዲቆጠር በገዛ እጁ ጻፈ። ከዚያም በመጨረሻው ላይ የእንግዳ ማረፊያ እንዲያዘጋጅለት ይነግረዋል። ትሕትና የተሞላ ደብዳቤ ነው፤ ነገር ግን የማረፊያው ነገር መጥቼ አያለሁ ማለት መሆኑን ፊልሞና ሳይረዳው አልቀረም።

ይህ መልእክት ከጳውሎስ 14 መልእክታት አንዱ ሆኖ በአገራችን መጻሕፍት ውስጥ ከጥንት ጀምሮ ኖሯል። ባርነትን የሻረው አዋጅ የወጣው ግን በ1934 ዓ.ም. ነው። እስከዚያ ድረስ ዳዊት በሚደገምባቸው፣ ዓርብና ረቡዕ በሚጾምባቸው ቤቶች ሰው ይገዛ፣ ሰው ይሸጥ ነበር። ሂካን ከእናቱ የነጠቁት እጆች የማንም ይሁኑ፣ ገበያው የቆመው ገዢ በመኖሩ ነው፤ ከገዢዎቹም መካከል ክርስቲያኖች ነበሩ። እንግዲህ መጽሐፉ በቤት መኖሩ፣ ከዚያም አልፎ መነበቡ፣ ብቻውን ምን ያህል እንደሚያስኬድ ከዚህ ይታያል።

ዛሬ ባሪያ የለንም። በነቀምትም ሆነ በሌሎቹ ከተሞች በብዙ ክርስቲያን ቤቶች ግን ከገጠር የመጣች አንዲት ልጅ አለች። ሌሊት ተነሥታ እሳት የምታያይዝ፣ ውኃ የምትቀዳ፣ እንጀራ የምትጋግር እርሷ ናት። ቤተሰቡ ነጠላውን አጣፍቶ ታቦት ሲያጅብ ቤት የምትጠብቀው ማን ናት? ደመወዟ ለሦስት ወር ሲያድር፣ ሰሐን ሰበረች ተብሎ ሲቆረጥባት፣ ማታ ጸሎት ሲደረስ ከጓዳ በር ቆማ ስትሰማ፣ በዚያ ቤት የተነበበው ቃል የት ደረሰ? ጳውሎስ የአናሲሞስን ዕዳ በራሱ ላይ አስቆጠረ፤ እኛ የሰሐኑን ዋጋ ከልጅቱ ላይ እንቆጥራለን። ትምህርት ቤት ትግባ ብሎ የማታ ክፍል ያስመዘገባት ቤት መኖሩን እናውቃለን፤ እንዲህ ያለው ቤት መልእክቱን አንብቧል ብንል አናጋንንም።

መታዘዙ ከጓዳ ወጥቶ ወደ መጋዘንም መድረስ አለበት። የጥምቀት ሰሞን በወለጋ ጀንፈል ወደ ገበያ የሚወርድበት ጊዜ ነው። በዓለም ገበያ በለቀምት ስም የሚታወቀው ይህ ቡና ከገበሬው እጅ ወደ ነጋዴው እጅ የሚያልፈው በሚዛን ነው፤ ቅዱሳት መጻሕፍትም ስለ ሐሰተኛ ሚዛን ደጋግመው ይናገራሉ። ጠዋት ውዳሴ ማርያም ደግሞ ረፋድ ላይ ሚዛን የሚጫን ነጋዴ ያነበበው አልጠፋውም፤ ሱቁን ሲከፍት ከቤት ትቶት መጥቶ ነው።

ከዚህ የሚከብደውን ነገር ማንሣት ያስፈራል፤ ሆኖም ዝም ብለን ብናልፈው የጻፍነው ሁሉ ከንቱ ይሆናል። በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ ከካማሺ ዞን የተፈናቀሉ በርካታ ወገኖች ወደ ነቀምትና ወደ ምሥራቅ ወለጋ ወረዳዎች ገብተዋል። ከዚያም በኋላ በነበሩት ዓመታት በወለጋ ልዩ ልዩ ስፍራዎች የብዙ ሰው ሕይወት ጠፍቷል፤ ኦሮሞውም አማራውም ቤቱን ጥሎ ተሰዷል። በዚያ ጊዜ በሩን የከፈተ ነበረ፤ የሚያንኳኳው ሰው በየትኛው ቋንቋ እንደሚናገር አዳምጦ የዘጋም ነበረ። ሁለቱም ቤቶች መጽሐፍ ቅዱስ ነበራቸው። የጎረቤቱን ልጅ የደበቀች አንዲት እናት ማንበብ ባትችልም እንኳ፣ በእሑድ ቅዳሴ የሰማችውን ፈጽማዋለች።

ስለ አነባበቡ ጥቂት እንበል። ብዙ ማንበብ አያስፈልግም። የዕለቱን ግጻዌ ከንስሐ አባት ወይም ከሰንበት ትምህርት ቤት መጠየቅ ይቻላል፤ ዛሬ በእጅ ስልክም ይገኛል። ከተመደበው አንዱን ክፍል ብቻ፣ ቤተሰቡ በሚሰማው ቋንቋ፣ እንደ ጃንደረባው ድምፅ አሰምቶ ማንበብ ነው። ያልገባውን ለመምህር ማስታወሻ ይዞ ማቆየት እንጂ በራስ ግምት መተርጎም አይገባም። የገባውን ግን ለነገ ማሳደር አይጠቅምም። ዕዳ ከሆነ ዛሬ ይከፈል፤ ይቅርታ ከሆነ ከእራት በፊት ይጠየቅ።

ጥር 12 ቀን በምናስበው በቃና ዘገሊላ ሰርግ እመቤታችን አገልጋዮቹን ልጇ የሚላቸውን ሁሉ እንዲያደርጉ ነግራቸዋለች። እነርሱም ስድስቱን የድንጋይ ጋኖች እስከ አፋቸው ሞሉ። የወይኑን ጠጅ የቀመሰው አሳዳሪ ከየት እንደ መጣ አላወቀም፤ ውኃውን የቀዱት አገልጋዮች ግን ያውቁ እንደ ነበር ወንጌላዊው ጽፏል። በዚያ ዕለት ማታ በየቤቱ ቡና መፈላቱ አይቀርም። የፊልሞና መልእክት አቦል ተጠጥቶ ቶና እስኪቀርብ ድረስ ተነቦ ያልቃል። ቡናውን የምታፈላው ልጅ ከረከቦቱ አጠገብ አለችና መጥሪያም አያስፈልጋትም፤ ፊደል የቆጠረች ከሆነችም አንባቢዋ እርሷ ትሁን።