ከከባድ ኤምፖክስ ጀርባ ያለው ሕክምና ያላገኘ ኤችአይቪ

ቀድሞ «የዝንጀሮ ፈንጣጣ» ይባል የነበረው ኤምፖክስ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ይድናል። በሽታ የመከላከል አቅሙ እጅግ በተዳከመ ሰው ላይ ግን ቁስሉ አይደርቅም፤ እየሰፋ ሥጋን ይበላል፣ ወደ ዓይንና ወደ ሳንባ ይዛመታል፣ ሕይወትንም ይቀጥፋል።

የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2022 ባወጣው ዘገባ፣ በጽኑ ታመው ሆስፒታል ከተኙ 57 የኤምፖክስ ሕሙማን 47ቱ ኤችአይቪ በደማቸው የሚገኝ ነበሩ። ከእነዚህ መካከል አስቀድመው የፀረ-ኤችአይቪ መድኃኒት ይወስዱ የነበሩት 4 ብቻ ናቸው። ከ57ቱ 39ኙ ጥቁሮች፣ 13ቱ ደግሞ ቤት አልባ ነበሩ። በ2023 የታተመ፣ 19 አገሮችን ያካተተና ኤችአይቪ የመከላከል አቅማቸውን ያዳከመባቸውን 382 ሕሙማን የተመለከተ ጥናትም 27 ሞት መዝግቧል፤ የሟቾቹ ሁሉ የሲዲፎር ቁጥር ከ200 በታች ነበር።

ስለዚህ በ28 ቀናት ልዩነት የሚሰጠው ሁለት ዙር ክትባት አስፈላጊ ቢሆንም ብቻውን አይበቃም። በጊዜ የተገኘና ሳይቋረጥ የታከመ ኤችአይቪ ሰውን ከዚህ ስቃይ ይጠብቃል።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። ሕግ አውጪዎች ግን ሰው በሽታውን ለምን እንደሚደብቅ መጠየቅ ይኖርባቸዋል። ኤችአይቪ ያለበት የውጭ ዜጋ አሜሪካ እንዳይገባ ይከለክል የነበረው ደንብ የተነሣው በጥር 2010 ነው፤ ዛሬም ምርመራን ከመኖሪያ ፈቃድ ጋር አያይዞ የሚፈራ ስደተኛ አለ። አስተርጓሚው የዕድር አባል ወይም የቤተ ክርስቲያን ጓደኛ ሊሆን በሚችልበት ማኅበረሰብ ደግሞ ብዙ ሰው ዝምታን ይመርጣል።

ከዚህ በመነሣት ሦስት እርምጃዎች ይጠበቃሉ። አንደኛ፣ ኤምፖክስ ለተጠረጠረበት ሰው ሁሉ የኤችአይቪ ምርመራ ይቅረብለት፤ ቫይረሱ የተገኘበትም ሳይዘገይ መድኃኒት ይጀምር። ሁለተኛ፣ ከ1990 ጀምሮ አቅም ለሌላቸው የኤችአይቪ ሕሙማን ሕክምና የሚያቀርበው የራያን ኋይት ፕሮግራም በጀት አይቀነስ። ሦስተኛ፣ የዋሽንግተን ዲሲ የ2004 የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ ለአማርኛ ተናጋሪዎች የሰጠው መብት በክሊኒክ ውስጥ በተግባር ይዋል፤ ታካሚውም ከማያውቀው፣ ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ ካለበት አስተርጓሚ ጋር በስልክ የመነጋገር ምርጫ ይኑረው።

መድኃኒቱ አለ። ታካሚው ያለ ፍርሃት የሚደርስበትን መንገድ መክፈት የሕግና የበጀት ሥራ ነው።