አውቶቡሱ ሰዓቱ ሲደርስ ይነሳ

የባሕር ዳር ከተማ አስተዳደር ከዘንዘልማ፣ ከጥበበ ግዮን ሆስፒታልና ከመሸንቲ ወደ መሃል ከተማ የሚመላለስ፣ የመነሻ ሰዓቱና ታሪፉ በየፌርማታው ተለጥፎ የሚነበብ የአውቶቡስ አገልግሎት ሊያቋቁም ይገባል። አውቶቡሱ ወንበሩ ሞላም አልሞላ ሰዓቱ ሲደርስ መነሳት አለበት። የዝግጅት ክፍላችን አቋም ይህ ነው፤ ከሁለቱ የማንደራደርበት ደግሞ ሁለተኛው ነው።

ባሕር ዳር በእግርና በብስክሌት የምትዳረስ ከተማ ነበረች። በ1950ዎቹ ጀርመናዊው የከተማ ንድፍ ባለሙያ ማክስ ጉተር የሠራላት ፕላን ጣና ሐይቅንና ዓባይን ተንተርሶ ሰፋፊ ጎዳናዎችን ዘረጋላት። ያኔ ፋብሪካውም፣ ፖሊ ቴክኒኩም፣ ገበያውም ቅርብ ለቅርብ ነበሩ። ዛሬ የዩኒቨርሲቲው የግብርና ኮሌጅ ዓባይን ተሻግሮ ዘንዘልማ ነው ያለው። ከመላው አካባቢ ሕሙማን የሚላኩበት ጥበበ ግዮን ሆስፒታል በአዴት መውጫ ላይ ነው። የመሃል ከተማው የቤት ኪራይ ያልቻለውም ሠራተኛ ወደ ዳር እየወጣ ነው። ዘጌ፣ መሸንቲና ጢስ ዓባይ በዚሁ አስተዳደር ሥር ያሉ ከተሞች ናቸው፤ በ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራ አስተዳደሩ 221,991 ነዋሪ ነበረው፤ ከዚያ ወዲህ ከተማዋ የት ድረስ እንደሰፋች ዓይን ያለው ሁሉ ያያል። ትራንስፖርቱ ግን ዛሬም በዋናነት የባጃጅና የሚኒባስ ታክሲ ሸክም ነው።

ከዳር የሚመጣ ሰው ጠዋት የሚገጥመው ነገር ለማንም እንግዳ አይደለም። ታክሲው ካልሞላ አይነሳም፤ ስለዚህ ቀድሞ የተሳፈረው ከሁሉም በላይ ይጠብቃል። ከመነሻው ሞልቶ የወጣው ደግሞ መንገድ ላይ ለሚጠብቀው አይቆምም። ሰው በሚበዛበት ሰዓት መስመሩ ይቆራረጥና በአንድ ሒሳብ መድረስ የሚገባው ተሳፋሪ ሁለት ጊዜ ይከፍላል። ሲመሽ ረዳቱ የሚጠራው ዋጋ ታሪፉን ይረሳል፤ ታክሲው ጨርሶ ከጠፋ ያለው አማራጭ ኮንትራት ባጃጅ ነው፤ እሱም ለደመወዝተኛ የሚቀመስ አይደለም። ሕመምተኛ እናቱን ደግፎ ከገጠር የመጣ ልጅ ታሪፉንም፣ የሚወርድበትንም ሰው ካልጠየቀ አያውቅም። የጠየቀው ሰው ቅን ካልሆነ የሚደርስበትን መገመት አያስቸግርም።

ሾፌሩን መውቀስ ቀላል ነው፤ እኛ ግን አንወቅሰውም። ብዙው ሾፌር ማታ ለባለንብረቱ የሚያስረክበው የተቆረጠ የቀን ገቢ አለበት። ነዳጁም፣ የረዳቱ ክፍያም ከዚያው ይወጣል። በሐምሌ 2014 የተጀመረው የታለመ የነዳጅ ድጎማ በተከታታይ የዋጋ ማስተካከያዎች እየሳሳ መጥቷል። እንዲህ ያለውን ሰው ባዶ ወንበር ይዘህ ተነስ ማለት ከኪስህ ክፈል ማለት ነው። ችግሩ ቁጥጥር በማጥበቅ ብቻ የማይፈታው ለዚህ ነው። ሾፌሩ የሚከፈለው በጫነው ሰው ልክ እስከሆነ ድረስ ሰው እስኪሞላለት መጠበቁ አይቀርም።

የኮሎምቢያዋ ቦጎታ ከዚህ የከፋ ችግር ነበረባት፤ ሾፌሮቿ ተሳፋሪ ለመሻማት በጎዳናው ላይ ይሽቀዳደሙ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000 ትራንስሚሌኒዮ የተባለውን የአውቶቡስ ሥርዓት ስትጀምር የግል ኩባንያዎችን ክፍያ በዋናነት አውቶቡሱ በተጓዘው ኪሎ ሜትር ላይ መሠረተችው። ይህን ዓይነት ውል ባሕር ዳር በሁለት መስመሮች ብቻ ልትሞክረው ትችላለች። ነባሮቹ የታክሲ ማኅበራት ተጫርተው ይግቡበት፤ የቲኬቱ ገንዘብ በቴሌብር ወደ አንድ ቋት ይግባ፤ አስተዳደሩም በሰዓቱ ለተነሳው ጉዞ ይክፈል፣ ለቀረው ይቅጣ። የጥገናው በጀት ከአውቶቡሶቹ ግዢ ጋር አብሮ መያዝ አለበት። አንበሳ አውቶቡስ አዲስ አበባን ከሰማንያ ዓመት በላይ ሲያገለግል መለዋወጫ አጥተው የቆሙ አውቶቡሶች አገልግሎቱን ምን ያህል እንደሚጎዱት አሳይቶናል።

መንገዱ ጠባብ ነው የሚለው ምክንያት ከእንግዲህ አይሠራም። በግንቦት 2016 የተመረቀው የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ርዝመትና 43 ሜትር ስፋት አለው። ከስልሳ ዓመት በላይ ያገለገለው አሮጌው ድልድይ ይህን ያህል ስፋት አልነበረውም። በአዲሱ ላይ ጠዋትና ማታ በየአቅጣጫው አንድ ረድፍ ለአውቶቡስ ቢለይ ከዘንዘልማና ከዓባይ ማዶ የሚመጣው ሰው የመኪናውን ሰልፍ አልፎ ይገባል። አውቶቡሱም በነዳጅ ወረፋ ይቆማል ለሚለው ስጋት መውጫ አለው። መንግሥት በ2016 በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ ሲከለክል ፊቱን ወደ ኤሌክትሪክ አዙሯል። ሜዳማ ለሆነችውና መስመሮቿ አጫጭር ለሆኑት ባሕር ዳር የኤሌክትሪክ አውቶቡስ ይስማማታል። የጣና ውኃ 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለውን የጣና በለስ ጣቢያ ያንቀሳቅሳል፤ የሐይቁ ዳር ሕዝብም ከዚያ ኃይል በትራንስፖርት በኩል ቢጠቀም ተገቢ ነው እንላለን።

ይህን ሁሉ ስንል ባጃጁ ይውጣ ማለታችን አይደለም። ቆጥቦና ተበድሮ ባጃጅ የገዛ ወጣት ጎጆው የቆመው በእሱ ላይ ነው። አውቶቡሱ ዋናውን ጎዳና ሲይዝ ባጃጁ ከየፌርማታው ወደ መንደር ውስጥ የማድረሱን ሥራ ያገኛል፤ ይህን ስምሪት አስተዳደሩ ከባጃጅ ማኅበራቱ ጋር ቁጭ ብሎ ይወስን እንጂ በማስታወቂያ አይጣልባቸው።

የጸጥታው ሁኔታ እንቅፋት መሆኑን አንክድም። በነሐሴ 2015 የሰዓት እላፊ ከታወጀበት ጊዜ ወዲህ የከተማዋ ምሽት አጥሯል። የመጨረሻው መኪና ስንት ሰዓት ላይ እንደሚነሳ በትክክል ማወቅ የሚያስፈልገው ግን እንዲህ ባለ ጊዜ ነው፤ አውቶቡሱ ከመሄዱ በፊት ሥራውን ጨርሶ የሚወጣ ሰው ጨለማ ላይ አይቀርም።

ስለዚህ የዘንዘልማና የጥበበ ግዮን መስመሮች ከመጪው የትምህርት ዘመን በፊት ይጀመሩ፤ መሸንቲ ይቀጥል፤ ጢስ ዓባይና ዘጌም ቀን ተቆርጦላቸው ይከተሉ። ቡናና ጌሾዋን ይዛ በጀልባ ለምትመጣው የዘጌ ሴት ከወደቡ ወደ ገበያው የሚያደርስ መስመር አብሮ ይታሰብ። የጥበበ ግዮን የመጨረሻ አውቶቡስ የአመሻሹ ፈረቃ ሳይወጣ መሄድ የለበትም። በዚያ ሰዓት ተሳፋሪው ጥቂት፣ ጉዞውም ኪሳራ ያለበት እንደሚሆን ስለሚታወቅ የከተማው ምክር ቤት ወጪውን በዓመታዊ በጀቱ ውስጥ በራሱ ርዕስ ይያዝለት።