ያለ ታይፎይድ የወጣ ሰው አሳዩኝ

ራሱን አሞት፣ ወገቡን ቆርጥሞት፣ ብርድ ብርድ ብሎት ክሊኒክ ገብቶ ያለ ታይፎይድ የወጣ ሰው ካያችሁ አስተዋውቁኝ፤ ምሳ እጋብዘዋለሁ። እኔ የማውቃቸው ሰዎች ሁሉ ወይ ታይፎይድ ተገኝቶባቸዋል፣ ወይ ታይፈስ፤ ሁለቱም አንድ ላይ የተገኙባቸውም ጥቂት አይደሉም። ሠርግ ደግሶ የደከመ ሰው ታይፎይድ አለበት። በፋሲካ ማግስት ሆዱን የቆረጠው ታይፎይድ አለበት። የኮንዶሚኒየሙ አምስተኛ ፎቅ ትንፋሽ ያሳጠረው ጎረቤቴ እንኳን «ታይፈሴ ተነሥቶብኝ ነው» ይላል።

«ደግሞ ጀመረው» የምትሉ የዚህ ዓምድ ደንበኞች እንዳላችሁ አውቃለሁ። አዎ፣ ጀምሬያለሁ። ስለ ታይፎይድም፣ መደርደሪያ ስለሚያሞቁ የመመረቂያ ጽሑፎችም ከዚህ በፊት ብዙ ብያለሁ። እስከ ዛሬ ግን ሁለቱን ለየብቻ ነበር የማማርራቸው። በዚህ ሳምንት አንድ አዳራሽ ውስጥ አብረው አገኘኋቸው።

የጎረቤቴ ልጅ ዘንድሮ በሕክምና ላብራቶሪ ትመረቃለች። ጥናቷን የምታቀርብበት ቀን ሲደርስ «ጋሼ፣ እርስዎ ካልመጡ አላቀርብም» ብላ ያዘችኝ፤ ሄድኩላት። ርዕሷ ዊዳል የሚባለው የታይፎይድ ምርመራ ነው። ትኩሳት ይዟቸው ከመጡ ሕሙማን ደም ወስዳ፣ የዊዳሉን ውጤት ባክቴሪያውን ራሱን ከደም አብቅሎ ከሚያሳየው ከካልቸር ጋር አስተያይታለች። ኮራሁባት። ሳትንተባተብ፣ ወረቀት ሳታይ አስረዳች። መደምደሚያዋም ቁርጥ ያለ ነበር፤ ዊዳል ብቻውን ለሕክምና ውሳኔ መሠረት ሊሆን አይገባም አለች። ከዚያ ፈታኞቹ ቀጠሉ። አንደኛው የናሙናውን ብዛት በየትኛው ቀመር እንዳሰላች ጠየቋት። ሌላው የሠንጠረዡ ርዕስ ለምን ከታች ሆነ አሏት። ሦስተኛዋ የማጣቀሻ አጻጻፏ ወጥ አለመሆኑን ገጽ እየገለጡ አሳዩዋት። «ይህ ግኝት እውነት ከሆነ ታዲያ ነገ ጠዋት ምን ይደረግ?» ያለ አንድም ሰው አልነበረም። ተጨበጨበ፤ «ኤ» አገኘች።

በኋላ ለስላሳ ይዘን ደጅ ቆመን «እንግዲህ ተቀጥረሽ ዊዳል ሥሪ ቢሉሽ ምን ልትዪ ነው?» አልኳት። ሳቀችብኝ። «ጋሼ ደግሞ! እሠራለኋ። ቅዳሜና እሑድ በምሠራበት ክሊኒክ አሁንስ እየሠራሁ አይደል?» ሐኪሙ አዝዞ የላከውን አልሠራም ብትል በሚቀጥለው ቅዳሜ በቦታዋ ሌላ ሰው እንደሚቀመጥ ነገረችኝ። ክሊኒኩ ዊዳልንና ዌል ፊሊክስ የሚባለውን የታይፈስ ምርመራ ቢያስቀር የላብራቶሪው ገቢ ደመወዟንም እንደማይሸፍን ጨመረችልኝ።

እንግዲህ አስቡት፤ ዊዳል እንደማይበቃ በጥናት ያረጋገጠችውም፣ ዊዳሉን የምትሠራውም አንዲት ልጅ ናት። ከሰኞ እስከ ዓርብ ታጋልጠዋለች፣ ቅዳሜና እሑድ ትሸጠዋለች። እሷን አልወቅስም። የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ብቻዋን የአገር ልማድ እንድትገለብጥ መጠበቅ ግፍ ነው። የሚያናድደኝ እውነቱን አስተምረናት፣ እውነቱን አስጽፈናት፣ በእውነቱ «ኤ» ሰጥተናት፣ ከዚያ እውነቱን ተከትላ እንዳትሠራ አድርገን መላካችን ነው።

ነገሩን ለማያውቅ ባጭሩ ልንገር። ዊዳል በዘመኑ ትልቅ ግኝት ነበር። ፌርናንድ ዊዳል የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1896 የታይፎይድ ሕመምተኛ ሴረም ከታይፎይድ ባክቴሪያ ጋር ሲቀላቀል ባክቴሪያው እንደሚጓጉል አሳየ። ምርመራው ግን ባክቴሪያውን ከሕመምተኛው ደም ውስጥ አያገኝም፤ የሚያየው ሰውነት ለመከላከል ያመረተውን አንቲቦዲ ነው። አንቲቦዲው ደግሞ ከዓመታት በፊት ከነበረ በሽታ የቀረ ሊሆን ይችላል፤ ከክትባት፣ ከሌሎች የሳልሞኔላ ዘመዶች፣ ከወባም ሳይቀር ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ መጽሐፉ አንድ ጊዜ ደም ቀድታችሁ ፍረዱ አይልም። ከሳምንት እስከ ዐሥር ቀን ቆይታችሁ ሁለተኛ ደም ቅዱ፣ ቲተሩ፣ ማለትም የአንቲቦዲው መጠን፣ አራት እጥፍ ከጨመረ ያኔ ተናገሩ ነው የሚለው። ለሁለተኛው ደም ተመልሶ የሄደ ሰው ታውቃላችሁ? በዐሥረኛው ቀን ሰውየው ሲፕሮ የተባለውን አንቲባዮቲክ ጨርሶ ሥራ ገብቷል፤ ለሰውም ታይፎይድ ነበረብኝ እያለ ያወራል።

ዌል ፊሊክስ ደግሞ ይብሳል። ኤድመንድ ዌልና አርተር ፊሊክስ ምርመራውን ያወጡት በአንደኛው የዓለም ጦርነት መካከል፣ እ.ኤ.አ. በ1916 ነው፤ ወታደሩ በታይፈስ እየረገፈ፣ ሌላ ምንም መለያ በሌለበት ጊዜ። የሚጠቀሙበት ባክቴሪያ የታይፈስ እንኳ አይደለም። ፕሮቲየስ የሚባል፣ በሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን የምናውቀው፣ በአጋጣሚ ከታይፈሱ ጋር የሚያመሳስለው ነገር ያለው ባክቴሪያ ነው። ታይፈስን ቅማል እንደሚያስተላልፈው ቻርልስ ኒኮል ቱኒስ ላይ ያረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ1909 ነው፤ ቀለል ያለውን ዓይነት የአይጥ ቁንጫ ያመጣዋል። ጠዋት ሻወር ወስዶ፣ ሸሚዙን አስተኩሶ ቢሮ የሚገባው የባንክ ሠራተኛ ታይፈስ አለብህ ሲባል ግን «ቅማሉ ከየት መጣ?» ብሎ የሚጠይቀው የለም። ወረቀቱ ላይ ኦኤክስ 19፣ ያው የዌል ፊሊክሱ ፕሮቲየስ፣ ሪአክቲቭ ነው ይላላ!

ያ ሪአክቲቭ እንዴት እንደሚጻፍ ልጅቷ አሳይታኛለች። ደሙ በሴንትሪፊውጅ ይሽከረከራል፤ ቀዩ ከታች ይዘቅጥና ቢጫው ሴረም ከላይ ይቀራል። ክብ ክብ የተሠመረበት ነጭ ፕሌት ላይ አንድ ጠብታ ሴረም፣ አጠገቡ አንድ ጠብታ ቀለም ያለው ሪኤጀንት። በእንጨት ይዋሐዳል፤ ፕሌቱ በእጅ እየተወዛወዘ አንድ ደቂቃ ይጠበቃል። በደቂቃዋ ውስጥ አሸዋ መሳይ ነገር ከታየ ፖዘቲቭ ነው። ደቂቃዋ ካለፈች ግን ጠብታው ከዳር መድረቅ ይጀምራል፤ የደረቀውም የጓጎለ ይመስላል። እንግዲህ የሰኞ ጠዋትን ሰልፍ፣ የሚጮኸውን ስልክ፣ «ውጤቴ አልደረሰም?» እያለ መስኮት የሚያንኳኳውን ሰው አስቡ። ያቺን አንዲት ደቂቃ ማን ይቆጥርላችኋል?

ዊዳል ብቻውን እንደማይበቃ በማረጋገጥ ልጅቷ የመጀመሪያዋ ብትሆን ባልከፋኝ። በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የታይፎይድ ምልክት ባላቸው 270 ሕሙማን ላይ የተሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት አለ። በካልቸር ታይፎይድ ወይም የቅርብ ዘመዱ ፓራታይፎይድ የተገኘባቸው 7 ብቻ ነበሩ። በዊዳል ፖዘቲቭ ከተባሉት ውስጥ ደግሞ በካልቸር የተረጋገጠላቸው 5.7 በመቶ ናቸው። ካልቸርም እኮ ያመልጠዋል የሚል ሐኪም እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ልክ ነው፤ የደም ካልቸር ግማሽ ያህሉን ሊስት ይችላል። እሺ፣ እጥፍ አድርጉት፤ ከመቶው 6 የነበረውን 12 በሉት። የቀሩት 88ቱስ? ሲፕሮአቸውን ማን ይመልስላቸዋል? ትኩሳቱን ያመጣው ወባ፣ ሳንባ ነቀርሳ ወይም ሌላ ነገር ከነበረስ የባከነውን ጊዜ ማን ይመልስላቸዋል?

«ካልቸር ውድ ነው፣ ቀናት ይፈጃል፣ በየጤና ጣቢያው የለም፤ ዊዳል ከምንም ይሻላል» የሚሉ አሉ። ከምንም አይሻልም። ምንም ቢያንስ ሲፕሮ አያዝም።

ታይፎይድ የለም እያልኩ አይደለም። አለ፤ አንጀት በስቶ ይገድላል። ለዚህም ነው ስሙ ለእያንዳንዱ ራስ ምታት መሰጠቱ የሚያሳስበኝ። መድኃኒቱ ያለ ቦታው ሲበተን ኖሮ፣ እውነተኛው ታይፎይድ የመጣ ቀን አልሠራም ይላል።

ክፍተቱ ያለው ትምህርቱ ላይ ነው እላለሁ። ትምህርቱ አልተሰጠም ማለቴ ግን አይደለም፤ ተሰጥቷል። ሐኪሙ ማይክሮባዮሎጂና ፓቶሎጂ ገና ዋርድ ሳይገባ ተምሯል። ከዚያ ዋርድ ይገባል፤ ላብራቶሪን ከዚያ ወዲህ የሚያውቃት ወረቀት በሚወጣባት መስኮት ብቻ ነው። የላብራቶሪ ባለሙያዋ ደሙን ታያለች፣ ሕመምተኛውን አታይም። ሐኪሙ ሕመምተኛውን ያያል፣ ፕሌቱን አያይም። የምርመራ ማዘዣው ላይ ስለ ሕመምተኛው የሚጻፍበት ቦታ አለ፤ ባዶውን ይመጣል። «ዶክተር፣ ይህ ሰው ትኩሳቱ ስንተኛ ቀኑ ነው?» ብላ ደውላ የምትጠይቅ የላብራቶሪ ባለሙያ ደፋር ትባላለች፤ ይባስ ብሎም ባለጌ።

ሥራ ላይ ሳይውል ስለሚቀር ግኝት ሳወራ ሳላስበው ሳይንቲስቱ ዶክተር አክሊሉ ለማ ትዝ አሉኝ። ዶክተሩ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ወረድ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ስለሆኑ፣ ከዚያች ወንዝ ዳር የተነሣው ጥያቄ ዕድሜ ልካቸውን ያዛቸው። የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን አቋቋሙ፤ ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ወሰዱ። እንዶድ ግን ለብዙ ዓመታት ከወረቀት ሳይወርድ ቀረ። ያኔ በምሬት የምንለው ነበረን፤ የአፍሪካ ሳይንቲስት ያገኘውን ፈረንጅ አይቀበለውም እንል ነበር። እውነትም አለበት።

የዊዳሉን ጥናትስ ማን ያዘብን? የትኛው ፈረንጅ ነው የቅዱስ ጳውሎስን ጥናት አታንብቡ ያለን? ጥናቱን የሠራነው እኛ፣ ደሙ የእኛ፣ ገንዘቡ የእኛ፣ ሲፕሮውን የምንውጠውም እኛ። ጥናቱ የሚቀመጥበትን መደርደሪያ እንኳ አናጢ ቀጥረን ያሠራነው እኛው ነን። ስለዚህ በዚህኛው ጉዳይ የምናማርርበት ሌላ ሰው የለም።

መፍትሔውን ከሩቅ አላመጣም፤ ጎንደርና ጅማ አለ። የጎንደሩ የጤና ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1954 ሲቋቋም ጀምሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1983 የተቋቋመው የጅማውም ተከትሎ፣ የጤና ተማሪዎችን በቡድን ወደ ጤና ጣቢያ መላክ ያውቁበታል። ቲቲፒ ይሉታል። የሕክምናው፣ የነርሲንጉ፣ የላብራቶሪው፣ የጤና መኮንኑ ተማሪ አንድ ቤት ተከራይተው፣ ሽሮ ተራ በተራ እየሠሩ፣ አንድ ጤና ጣቢያ ውስጥ አብረው ይሠራሉ። ያለፈበት ሰው ሁሉ ከትምህርቱ ይልቅ ስለ ቲቲፒ ነው የሚያወራችሁ። እዚያ ጓደኛው ያዘዘችውን ዊዳል የሚሠራ ልጅ «ይሄ ምን ይጠቅምሻል?» ማለት አያፍርም፤ ማታ አብሯት ይበላላ። እንግዲህ የመመረቂያ ጥናቱም እዚያ ይሠራ፤ ግኝቱም ለዚያው ጤና ጣቢያ ሠራተኞች በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሚሰሙት ቋንቋ ይነገር። ውጤቱም ለሠንጠረዡ ርዕስ አይሰጥ፤ ጤና ጣቢያው ከጥናቱ በኋላ አንዲት ነገር ለውጦ እንደሆነ ታይቶ ይሰጥ። «ከአቅም በላይ ነው» የሚለኝ መምህር ካለ፣ ስለ ማጣቀሻ አጻጻፍ ያን ያህል የሚከራከርበትን አቅም ከየት እንዳመጣው ይንገረኝ።

እኛም ንጹሐን አይደለንም። ሐኪም «ቫይረስ ነገር ነው፣ ፈሳሽ እየጠጡ ይረፉ፣ ካልተሻለዎት በሦስተኛው ቀን ይመለሱ» ሲለን «ምንም አያውቅም» ብለን በማግስቱ ሌላ ክሊኒክ እንገባለን። እዚያ ዊዳል ታዝዞ፣ የበሽታ ስም ተሰጥቶን፣ መርፌ ተወግተን ስንወጣ «እሱ ነው ሐኪም!» እንላለን። ባለ ክሊኒኩ ይህን ያውቃል፤ ለሚሸጠው ነገር ገዢ አለውና ለምን ያቆማል?

ስለዚህ ሐኪሞቹና መምህራኑ እስኪስማሙ ድረስ አንድ ጥያቄ ላበድራችሁ። ትኩሳት ይዟችሁ ስትሄዱ፣ ወረቀቱ ተጽፎ ወደ ላብራቶሪ ከመላካችሁ በፊት፣ በትሕትና እንዲህ በሉ፦ «ዶክተር፣ ይህ ምርመራ ኔጌቲቭ ቢወጣ መድኃኒቱን ይተዉታል?» «አዎ» ካሏችሁ ክፈሉና ተመርመሩ። «አይ፣ ለማንኛውም እንሰጥዎታለን» ካሏችሁ ግን የምርመራውን ገንዘብ ኪሳችሁ ውስጥ አድርጉና ስለ ትኩሳታችሁ መነጋገር ጀምሩ፤ መቼ እንደጀመረ፣ ምን እንደበላችሁ፣ የት ደርሳችሁ እንደመጣችሁ። ያን ጊዜ ምናልባት ሕክምናው ይጀመር ይሆናል።