ሐሜት የማያውቀው ሃሜት

«የወንጀል ምርመራ ልብወለድ ጊዜ መግደያ ነው» የሚሉን ሰዎች ዘንድሮም አልደከሙም። የአሜሪካዊው የዳሺል ሃሜት ስም በተነሣ ቁጥር ፊታቸው ይጨማደዳል። «ገዳዩ ማነው እያሉ ሌሊቱን ማንጋት ለተማሪ አያምርም» ይሉናል። ከወዲያ በኩል ደግሞ ሌሎች ይነሡና፣ «ልብወለድ መንገድ ማሳየት አለበት፤ ይህ ሰውዬ ግን ጨለማውን አሳይቶ ጥሎን ይሄዳል» ብለው ይከሱታል። ድንጋዩ ከግራም ከቀኝም ሲወረወር ዝም ብንል የበላንበትን ወጪት መስበር ይሆንብናል። ስለዚህ እንናገራለን።

እስቲ በጊዜ መግደያዎቹ እንጀምር። እ.ኤ.አ. በ1929 የታተመውን የመጀመሪያ ልብወለዱን፣ በእኛ ቋንቋ «ቀይ አዝመራ» ልንለው የምንችለውን፣ እውነት አንብበውታል? ታሪኩ የሚፈጸምባት ፐርሰንቪል የማዕድን ከተማ ናት፤ ስሟን አጣመው የመርዝ ከተማ ይሏታል። ማዕድኑም፣ ባንኩም፣ ጋዜጣውም የአንድ ሽማግሌ ከበርቴ፣ የኢላይሁ ዊልሰን ነው። ሠራተኛው አድማ ሲመታ ሽማግሌው ወሮበላ ቀጥሮ አስመጣ። አድማው ተሰበረ፤ ወሮበላው ግን ወደመጣበት አልተመለሰም። ከበርቴው ጅብ አስገብቶ በሩን እንደዘጋ ሰው ሆነ። ጋዜጣውን የሚመራው ልጁም ተገደለ።

ታዲያ መርማሪው ገዳዩን የሚይዘው መቼ ይመስላችኋል? መጽሐፉ ገና ግማሽ ሳይደርስ! ገዳዩ ተራ የባንክ ሠራተኛ፣ ምክንያቱም ቅናት ሆኖ ተገኘ። «ገዳዩ ማነው» ብቻ ቢሆን ኖሮ መጽሐፉ እዚያው ላይ ባለቀ ነበር። ግን አያልቅም፤ ትልቁ ጥያቄ «ከተማዋ የማን ናት?» የሚለው ነውና። ይህ ነው እንግዲህ ጊዜ መግደያው!

ሃሜት ይህን ከሰው አፍ ሰምቶ አልጻፈውም። በ1894 ተወልዶ፣ በ1915 ፒንከርተን በተባለው የግል መርማሪ ድርጅት ተቀጠረ። ፒንከርተን ማለት አድማ በመስበር ስሙ የገነነ ድርጅት ነው። ሰውዬው የሚጽፈውን ዓለም ከውስጥ ያውቀዋል ማለት ነው።

አጻጻፉስ ቢሆን? በ1930 በወጣው «የማልታው ጭልፊት» ውስጥ ሳም ስፔድ የሥራ ባልደረባው መገደሉን በሌሊት በስልክ ይሰማል። ሌላ ደራሲ ቢሆን ሦስት ገጽ ሙሉ ባስለቀሰው ነበር። ሃሜት ግን የሚያሳየን የሰውዬውን ጣቶች ነው፤ ቀስ ብለው ትንባሆ ሲጠቀልሉ። ሽፋኑ የተገነጠለውን አንድ ቅጂ በመኝታ ክፍላችን እየተቀባበልን ስናነብ፣ ያ ሲጋራ ተጠቅልሎ እስኪያልቅ ትንፋሻችንን ውጠን ነበር። ስንት ደም የፈሰሰበት ያ ጭልፊት በመጨረሻ ሲፋቅ እርሳስ ሆኖ ሲገኝስ! ስግብግብነትን ለመንቀፍ ከዚህ የበለጠ ስብከት ያለው ያምጣ።

አሁን ወደ ሁለተኞቹ ከሳሾች እንምጣ። «ቀይ አዝመራ» ሲያልቅ ከተማዋ ተመልሳ በዚያው ሽማግሌ እጅ ትገባለች። መርማሪውም ቢሆን ንጹሕ አይደለም፤ መግደል እየጣመው መምጣቱ ራሱን ያስፈራዋል። «ተስፋው የታለ?» ይሉናል። መቼም በመጨረሻው ገጽ ላይ ሰንደቅ ዓላማ ካልተውለበለበ መጽሐፍ የተነበበ አይመስላቸውም። እኛ ግን በሽታውን ደብቆ «ድነሃል» ከሚል ሐኪም፣ ቁስሉን ገልጦ የሚያሳየውን እንመርጣለን። እንከን የለውም አንልም። ሴቶቹ ብዙ ጊዜ ወጥመድ ሆነው ይቀርባሉ፤ እህቶቻችን ይህን ሲነቅፉ እውነት አላቸው። ይህ ነቀፌታ ግን ካነበበ ሰው የመጣ ነው፤ ልዩነቱም እዚህ ላይ ነው።

«ከ1934 በኋላ አንድም ልብወለድ ሳያወጣ ደረቀ» የሚሉም አሉ። እውነት ነው፤ ከ«ቀጭኑ ሰው» በኋላ ሌላ አላሳተመም። ግን እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። በ1942፣ በ48 ዓመቱ፣ ሳንባ ነቀርሳ የጎዳውን ደረቱን ይዞ በተራ ወታደርነት ዘመተ። በአላስካ በኩል ባለችው የአዳክ ደሴት ለወታደሮች ጋዜጣ ያዘጋጅ ነበር፤ ያውም ይህን መጽሔታችንን በመሰለ የማባዣ መኪና የሚታተም ጋዜጣ!

በ1951 ደግሞ ፍርድ ቤት ቀረበ። ለተፈረደባቸው የኮሙኒስት መሪዎች ዋስትና ገንዘብ ያዋጡትን ሰዎች ስም አጋልጥ ተባለ። አላጋልጥም አለ። 6 ወር ተፈረደበት፤ 5 ወር ያህል ታሰረ። በ1953 የማካርቲ ኮሚቴም ጠራው። በ1961 ሲሞት የተረፈው ዕዳ ነበር። ለአማርኛ ጆሮ ስሙ ሐሜት ይመስላል፤ ሰውዬው ግን በሰው ስም አልነገደም። መርማሪዎቹን ከሰው አፍ ቃል ሲያወጡ የጻፈ ደራሲ፣ ተራው ደርሶ እሱ ሲጠየቅ አፉን ዘጋ። ይህን ዝምታ «ደረቀ» ብሎ ማለፍ ግፍ ነው።

መልስ አለን የምትሉ ጻፉ፤ ገጹ ክፍት ነው። መጀመሪያ ግን አንብቡት።